ከወለሉ የሚጀምር የዓሣ ገንዳ

በቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ ማለትም አኳሪየም ለማዘጋጀት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልቡ የሚያርፈው ከፊት ለፊት በሚታየው ነገር፣ በመስታወቱ ጥራት፣ በመብራቱ ድምቀትና ከውኃው መካከል በሚንሸራሸሩት ባለ ብዙ ቀለም ዓሦች ላይ ሲሆን፣ የገንዳውን ወለል ግን የተረፈ ምግብ የሚያርፍበት ስፍራ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ኑሯቸውን ወለል ላይ ያደረጉት የአምባዛ ዘመድ የሆኑ ትንንሽ ዓሦችም በዚሁ አስተያየት የተነሣ ወደ ገንዳው የሚገቡት ለራሳቸው ተፈልገው ሳይሆን የሌሎቹን ትራፊ ለቃቅመው ገንዳውን ያጸዳሉ ተብለው ነው። ግምቱ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። እነዚህ ዓሦች የሌላውን ዓሣ ዓይነ ምድር አይበሉም፤ ከላይ የሚወርደው ፍርፋሪም ብቻውን አያጠግባቸውም፤ ራሳቸውም እንደ ማንኛውም ዓሣ ስለሚበሉና ስለሚጸዳዱ የገንዳውን ቆሻሻ ይጨምራሉ እንጂ አይቀንሱም። ስለዚህ ለእነርሱ የሚዘጋጅ ገንዳ ከወለሉ ተጀምሮ ወደ ላይ የሚታሰብ እንጂ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ እነርሱ የሚጨመሩበት ሊሆን አይገባም።

አምባዛ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በጣናና በሐዋሳ ሐይቆች፣ በአዋሽና በሌሎችም ወንዞች የሚገኘው፣ ገላው ቅርፊት የሌለው፣ በአፉ ዙሪያ ረጃጅም ጢም ያለው ዓሣ በሳይንሳዊ ስሙ ክላሪያስ ጋሪፒነስ ይባላል፤ ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝም ስለሚችልና አብረውት ያሉትን ዓሦች ከመዋጥ ስለማይመለስ ግን ለሳሎን ገንዳ የሚሆን አይደለም። በዓለም ላይ የእርሱ ዘመድ የሆኑ ከ3,000 በላይ ጢማም የዓሣ ዝርያዎች ይገኛሉ፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ ከሰው ቁመት የሚበልጡ፣ ሌሎቹ ከጣት አንጓ የማይበልጡ ናቸው። ለቤት ገንዳ ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ደቡብ አሜሪካን አገሩ ያደረገው፣ በዓሣ አሳዳጊዎች ዘንድ ኮሪዶራስ በሚለው ስም የሚታወቀው ወገን ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ትኩረትም እርሱ ነው።

ኮሪዶራስ ከአንዲስ ተራሮች በስተ ምሥራቅ፣ ከትሪኒዳድ ደሴት አንሥቶ እስከ ሰሜናዊ አርጀንቲና ድረስ ባሉት ወንዞችና ጅረቶች ይኖራል። ወገኑን መጀመሪያ የሰየመው እ.ኤ.አ. በ1803 ላሴፔድ የተባለው ፈረንሳዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። ዛሬ በገንዳ ውስጥ በብዛት ከሚረቡት ዝርያዎች አንዱ የሆነውን፣ ገላው በጥቁርና በግራጫ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረውን ኮሪዶራስ ፓሊያተስን ደግሞ ቻርልስ ዳርዊን በቢግል መርከብ ባደረገው ጉዞ ሰብስቦት፣ ሊዮናርድ ጄኒንስ እ.ኤ.አ. በ1842 ለሳይንስ አስተዋውቆታል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የምደባ ጥናት ይህን ሰፊ ወገን በበርካታ ወገኖች ስለ ከፈለው ብዙዎቹ ዝርያዎች አዲስ ስም ቢያገኙም፣ በገበያም ሆነ በአሳዳጊዎች መካከል የሚሠራበት አሁንም የቀድሞው ስም በመሆኑ እዚህም በእርሱ መጠቀሙ ይመረጣል። አብዛኞቹ ዝርያዎች ከ3 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ሲሆኑ፣ በቅርፊት ፈንታ ጎናቸውን ግራና ቀኝ ሁለት ረድፍ ሆኖ የሚሸፍን የአጥንት ጥሩር አላቸው። በጀርባቸውና በደረታቸው ክንፎች ፊት ደግሞ ጠንካራ እሾህ አለ፤ ዓሣው ሲደነግጥ እሾሁን አቁሞ ይቆልፈዋል፣ ሊውጠው የመጣ ትልቅ ዓሣም ጉሮሮው ላይ ይሰካበታል።

የእነዚህን ዓሦች ጠባይ ለመረዳት ሲመገቡ ማየት ይበቃል። ኮሪዶራስ ሆዱን ወደ አሸዋው አስጠግቶ፣ ከአፉ ግራና ቀኝ የተንጠለጠሉትን አጫጭር ጢሞች እያወዛወዘ ወለሉን ይዳስሳል፤ ጢሞቹ በመዳሰስም በመቅመስም የሚያገለግሉ በመሆናቸው ጭቃማ ወይም ጨለማ በሆነ ውኃ ውስጥ እንኳ ምግቡን አያጣም። የትል ወይም የእጭ ምልክት ባገኘ ጊዜ አፍንጫውን፣ አንዳንዴም እስከ ዓይኑ ድረስ ራሱን አሸዋው ውስጥ ይቀብራል፤ ከዚያ አፍ ሙሉ አሸዋ ዝቆ፣ የሚበላውን አፉ ውስጥ ለይቶ ያስቀርና ንጹሑን አሸዋ በስንጥቡ፣ ማለትም ዓሣ በሚተነፍስበት አካል ቀዳዳ በኩል በሁለቱም ጎን እያፈሰሰ ይወጣል። ይህን ድርጊት ቀኑን ሙሉ ይደጋግመዋል። ዓይኑንም ወደ ታች የማዞር ችሎታ ስላለው ለሚመለከተው ሰው የሚጠቅስ ይመስላል። እንግዲህ ወለሉ በሻካራ ጠጠር የተሸፈነ ገንዳ ለዚህ ዓሣ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ይታያል፤ መቆፈር አይችልም፣ ምግቡ በጠጠሩ ስንጥቆች መካከል ገብቶ ይበሰብሳል፣ ጢሙም በስለታም ጠርዝና በብስባሹ ውስጥ በሚራቡ ባክቴሪያዎች እየተበላ ያጥራል። ጢሙ ያለቀ ኮሪዶራስ በገበያ ላይ በብዛት ይታያል፤ ይህም የዝርያው ተፈጥሮ ሳይሆን የአያያዝ ጉድለት ምልክት ነው።

የትኛውን ዝርያ መምረጥ እንደሚገባ የሚወስነው ከቀለሙ ይልቅ የቤቱ ሙቀት ቢሆን መልካም ነው። ፓሊያተስ ቀዝቀዝ ካለ አካባቢ የመጣ በመሆኑ ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውኃ ውስጥ ደስ ብሎት ይኖራል፤ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በአዲስ አበባና በሌሎች የደጋ ከተሞች ለሚኖር አሳዳጊ ከእርሱ የተሻለ ምርጫ ማግኘት ያስቸግራል። በፔሩ ከአንዲስ ተራሮች ከሚወርዱ ጅረቶች የሚገኘው፣ ነጭ ገላው ላይ ዓይኑን የሚሸፍን ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ኮሪዶራስ ፓንዳም ሞቃት ውኃ አይወድም። በአንጻሩ ከብራዚልና ከቦሊቪያ ድንበር አካባቢ የመጣው ኮሪዶራስ ስተርባይ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ስለሚችል በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ቤተሰቦች የሚመከረው እርሱ ነው፤ በእነዚያ አገሮች የገንዳ ችግር ማሞቅ ሳይሆን ማቀዝቀዝ ነውና። ነሐስ የሚመስለው ኮሪዶራስ ኤነስ በሁለቱ መካከል ያለ፣ ብዙ ነገር የሚታገሥና ለጀማሪ የሚስማማ ዝርያ ነው። የ3 ሴንቲ ሜትር ቁመት እንኳ የማይሞላው ኮሪዶራስ ፒግሜየስ ከሌሎቹ የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ከወለሉ ከፍ ብሎ በመንጋ በመዋኘቱ ስለሆነ፣ የወለል ኑሮ ለማየት የሚሻ ሰው ሌላውን ቢመርጥ ይሻላል።

እዚህ ላይ ፕሌኮ በሚባለው፣ አፉ እንደ መምጠጫ ሆኖ መስታወት ላይ በሚለጠፈው ሌላ የደቡብ አሜሪካ ጢማም ዓሣ ላይ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ሲሸጥ የጣት ቁመት ያለው ይህ ዓሣ እንደ ዝርያው ዓይነት ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል፤ ገንዳ ሲጠበው ወደ ወንዝና ሐይቅ የጣሉት ሰዎች በፍሎሪዳ፣ በሜክሲኮና በደቡብ እስያ አገሮች ዓሣው ተራብቶ የአካባቢውን ዓሣ እንዲያጨናንቅ፣ ዳርቻውንም እየቦረቦረ እንዲንድ አድርገዋል። በጣና ሐይቅ ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የባርቦ ዝርያዎች መኖራቸውን የሚያውቅ ሰው የገንዳ ዓሣን ወደ ተፈጥሮ ውኃ መልቀቅ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

የገንዳው ቅርጽ ከመጠኑ ያልተናነሰ ትርጉም አለው። የወለል ዓሣ የሚጠቀምበት የገንዳውን ከፍታ ሳይሆን ስፋቱን ስለሆነ፣ ረጅምና ጠባብ ሆኖ ወደ ላይ የቆመ ገንዳ ብዙ ሊትር ቢይዝም ለእርሱ ጠባብ ቤት ነው። 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 35 ሴንቲ ሜትር ወርድና 40 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ገንዳ ወደ 100 ሊትር ውኃ የሚይዝ ሲሆን ለስምንት ወይም ለአሥር ኮሪዶራስና ለጥቂት የመካከለኛ ውኃ ዓሦች በቂ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ አሸዋውና መስታወቱ ሲታከል ጠቅላላ ክብደቱ ከ130 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል፤ ይህን ደግሞ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ወይም ቀጫጭን እግር ያለው ጠረጴዛ አይሸከመውም። መቆሚያው በውኃ ልክ ተለክቶ ቀጥ ያለ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ አንዱ ጎን ዝቅ ካለ ጫናው በመስታወቱና በሲሊኮን ማጣበቂያው ላይ እኩል ስለማያርፍ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ከመስታወቱ ሥር ስስ የፎም ንጣፍ ማንጠፍ ትንንሽ ጉብታዎችን ይውጣል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ አይገባም፤ ውኃውን ያለ ልክ ያሞቀዋል፣ አረንጓዴ አልጌም ያበዛል።

አሸዋው የዚህ ገንዳ ዋና ጉዳይ ነው። የሚፈለገው ጥርት ያለ፣ ደቃቅና ጠርዙ የተላገ አሸዋ ሲሆን፣ ለመዋኛ ገንዳ ማጣሪያ የሚሸጠው ወይም በወንዝ ውኃ ተንከባሎ የለሰለሰው ዓይነት ይሆናል። ከተሰበረ ድንጋይ የተፈጨ አሸዋ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ መቅረት አለበት። መለየቱ አያስቸግርም፤ አንድ እፍኝ አሸዋ በእጅ ውስጥ በኃይል ሲታሽ ቆዳን የሚቧጭር ከሆነ የዓሣውንም ጢም ይቧጭራል። ሌላው ፈተና አቼቶ ነው፤ ጥቂት ጠብታ አቼቶ የፈሰሰበት አሸዋ ወይም ድንጋይ አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ አለበት ማለት ነው፣ ይህም ቀስ በቀስ እየሟሟ የውኃውን ጠጣርነትና ፒኤች ከፍ ያደርጋል። ፒኤች ማለት የውኃ አሲዳማነት ወይም አልካላይነት መለኪያ ሲሆን ለኮሪዶራስ ከ6 እስከ 7.5 ያለው ይስማማል። የተመረጠው አሸዋ በባልዲ ውስጥ በእጅ እየተማሰለ፣ የሚደፈው ውኃ እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ መታጠብ አለበት፤ ሥራው አሰልቺ ቢሆንም የተቻኮለበት ገንዳ ለብዙ ቀን ወተት መስሎ ይከርማል። የአሸዋው ውፍረት ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ ከተቆለለ ከሥሩ ኦክሲጅን የማይደርሰው ክፍል ይፈጠርና በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት፣ ለዓሣ መርዝ የሆነ ጋዝ ያመርታሉ።

በአሸዋው ላይ የሚቀመጠው ነገር ሁሉ ሁለት ዓላማ አለው፤ ጥላ መስጠትና መደበቂያ መሆን። ውኃ ጠጥቶ የሰጠመ ጠንካራ ግንድ፣ የተላጉ ድንጋዮችና ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ተክሎች ይበቃሉ። ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የተገኘው አኑቢያስ የሚባለው ተክል በደብዛዛ ብርሃን የሚያድግ፣ አሸዋ ውስጥ መተከል የማያስፈልገውና ከግንድ ጋር በክር ሊታሰር የሚችል በመሆኑ ከሁሉ ይመረጣል፤ አሸዋ ሲቆፍር የሚውል ዓሣ በቅርብ የተተከለ ሥር አያስቀምጥምና። ከባድ ድንጋይ ግን በአሸዋው ላይ ሳይሆን ከአሸዋው በፊት በቀጥታ በገንዳው ወለል ላይ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ዓሦቹ ሥሩን ሲቦረቡሩ ይናድባቸዋል። ከገንዳው ፊት ለፊት ደግሞ ምንም ያልተቀመጠበት ሰፊ የአሸዋ ሜዳ መተው ያስፈልጋል።

ዓሣ ከመግባቱ በፊት ከሚሠራው ሥራ ሁሉ ብዙዎች የሚዘሉት የውኃውን መብሰል ነው። ዓሣ የሚያስወጣው ቆሻሻና የበሰበሰ ምግብ አሞኒያ የሚባለውን መርዛማ ውሑድ ያመነጫል። በተፈጥሮ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ናይትራይትም መርዝ ሲሆን ናይትሬት ግን በመጠኑ እስካለ ድረስ ብዙም አይጎዳም። እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ በማሳደግ አሠራራቸውን ያረጋገጠው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ነበር። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ገና ስለሌሉ መጀመሪያ መራባት አለባቸው፤ ይህም ማጣሪያውን እያሠሩ፣ ትንሽ የዓሣ ምግብ ወይም ንጹሕ አሞኒያ በየጊዜው እየጨመሩ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መታገሥን ይጠይቃል። ከቆየ ገንዳ የተወሰደ ያልታጠበ የማጣሪያ ስፖንጅ ከተጨመረ ጊዜው በጣም ያጥራል። መብሰሉ የሚታወቀው በመመርመሪያ ጠብታ ሲሆን፣ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ሲታይ ገንዳው ዓሣ ለመቀበል ደርሷል። ያልበሰለ ገንዳ ውስጥ የገባ ዓሣ ስንጥቡ ስለሚቃጠል ከሚያንጸባርቅ ንጹሕ ውኃ መካከል ይሞታል፤ ከባለቤቶቹም ብዙዎቹ ምክንያቱን ሳያውቁ ሌላ ዓሣ ገዝተው ይደግሙታል።

ለወለል ዓሣ ከማጣሪያ ዓይነቶች ሁሉ ቀላሉና አስተማማኙ ከአየር ፓምፕ ጋር የሚያያዘው የስፖንጅ ማጣሪያ ነው፤ ዋጋው አነስተኛ፣ ፍሰቱ ረጋ ያለ፣ ስፖንጁም ለባክቴሪያው መኖሪያ የሚሆን ሰፊ ገጽ ያለው ነው። ስፖንጁ ሲደፈን የሚጨመቀው ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ውስጥ ነው፤ በቧንቧ ውኃ ያጠበው ሰው በሳምንታት የተራባውን ባክቴሪያ በክሎሪን ይገድለዋል። ማሞቂያ ለሚያስፈልገው ገንዳ ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ገደማ ተብሎ ይታሰባል፤ ቴርሞሜትሩም ከማሞቂያው ራቅ ብሎ ይሰቀላል።

የቧንቧ ውኃ የሚታከምበት ክሎሪን ለሰው ጤና የሚበጅ፣ ለዓሣ ስንጥብ ግን አደገኛ ነው። ክሎሪን በባልዲ ተቀድቶ ክፍት ሆኖ ካደረ ውኃ ውስጥ በራሱ ይተናል፤ ስለዚህ ውኃን አሳድሮ የመጠቀም የቆየው ልማድ ምክንያት አለው። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ግን በክሎሪን ፈንታ ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሐዱበት ክሎራሚን ጥቅም ላይ ይውላል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ የምትጠቀመው ይህንኑ ሲሆን፣ በየዓመቱ በጸደይ ወራት ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ትመለሳለች። ክሎራሚን በማሳደር አይወጣም። በዚያ የሚኖር አሳዳጊ ከአገር ቤት የለመደውን ባልዲ የማሳደር ዘዴ ትቶ፣ ክሎሪኑን ከመስበሩ ሌላ የሚለቀቀውንም አሞኒያ የሚያስር የውኃ ማከሚያ መድኃኒት መጠቀም ግዴታው ነው።

በኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ ሌላ ልዩ ጉዳይ አለ። ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅን የሚወሰነው በሙቀቱና በአየሩ ግፊት ነው። ከባሕር ወለል አጠገብ 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው አንድ ሊትር ውኃ ከ8 ሚሊ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ኦክሲጅን ሊይዝ ሲችል፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ ያው ውኃ የሚይዘው ከ6 ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገሮች ለተጻፈ መመሪያ በቂ የሆነው የዓሣ ብዛት ለአዲስ አበባ ገንዳ ሊበዛ ይችላል፤ የውኃውን ገጽ የሚያንቀሳቅስ የአየር ፓምፕም እንደ ቅንጦት የሚታይ አይደለም። ኮሪዶራስ በዚህ ረገድ አስደናቂ ስጦታ አለው። በየጊዜው ወደ ላይ ተወንጭፎ አየር ይጎርሳል፤ አየሩም ብዙ የደም ሥር ባለበት የአንጀቱ የኋላ ክፍል ሲያልፍ ኦክሲጅኑ ወደ ደሙ ይገባል። በደረቅ ወራት ሊደርቅ በተቃረበ ኩሬ ውስጥ ሕይወቱን የሚያተርፈው ይህ ነው። ነገር ግን በገንዳ ውስጥ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያይ ዓሦቹ በየደቂቃው ሽቅብ የሚሮጡ ከሆነ ውኃው መታፈኑን ወይም መመረዙን እየተናገሩ ነው። መብራት በሚቋረጥበት ሰፈር በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ማስቀመጥ ዓሦቹን ብቻ ሳይሆን፣ በቆመ ማጣሪያ ውስጥ በጥቂት ሰዓታት ኦክሲጅን አጥተው የሚሞቱትን ባክቴሪያዎችም ያድናል።

ኮሪዶራስ ማኅበርተኛ ዓሣ ነው። በተፈጥሮ በመቶዎች ሆኖ የሚጓዝ ሲሆን፣ በገንዳ ከአንድ ዝርያ ቢያንስ ስድስት ካልሆነ ይደነግጣል፣ ይደበቃል፣ ምግብም ይተዋል። ሦስት ዝርያ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት አድርጎ ከመግዛት አንዱን ዝርያ ስድስት መግዛት እጅግ ይሻላል። የመጡት ዓሦች ያሉበት ፌስታል ለ20 ደቂቃ ያህል ገንዳው ላይ ተንሳፍፎ ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ፣ የገንዳው ውኃ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ ይለማመዳሉ፤ የፌስታሉ ውኃ ግን ወደ ገንዳው አይደፋም። በመረብ ሲያዙ እሾሃቸው ከመረቡ ጋር ስለሚያያዝ በኩባያ ማጥለቅ ይመረጣል፤ አጥብቆ የያዛቸውንም እጅ ይወጋሉ። ጎረቤታቸው ትንንሽና ሰላማዊ ዓሣ መሆን አለበት። የቆሮሶ ጫጩት ከሐይቅ አምጥቶ አብሮ ማኖር በተለይ መወገድ ያለበት ነው፤ ቆሮሶ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ክልሉን በኃይል የሚጠብቅ ዓሣ ነውና።

ምግባቸው ወደ ወለል የሚሰጥም እንክብል ሆኖ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ የቀዘቀዘ ወይም ሕያው ትልና የትንኝ እጭ ይጨመርበታል። ሌሎቹ ዓሦች ከላይ ቀድመው እንዳይጨርሱት መብራቱ ከጠፋ በኋላ መመገብ ይረዳል። ሆዱ ወደ ውስጥ የገባ ኮሪዶራስ የተራበ ነው፤ ጤነኛው ሆዱ በመጠኑ ክብ ይሆናል። በየሳምንቱ ከገንዳው ውኃ አንድ አራተኛ ያህሉ፣ ቱቦውን ከአሸዋው ገጽ ጥቂት ከፍ አድርጎ ቆሻሻውን በመሳብ ይወጣና በታከመና ሙቀቱ በተመጣጠነ ውኃ ይተካል። ለበሽታ የሚሰጡ መድኃኒቶች፣ በተለይ መዳብ ያለባቸውና ጨው፣ ለእነዚህ ዓሦች ከሌሎች ይልቅ ስለሚከብዱ፣ አዲስ ዓሣን ከ2 እስከ 4 ሳምንት በሌላ ትንሽ ገንዳ ለይቶ ማቆየት ከማከም ይቀላል።

በዚህ ዓይነት የተያዙ ዓሦች ሳይጠበቅ ሊራቡ ይችላሉ። በአገራቸው ዝናብ ሲጀምር የሚወርደው ቀዝቃዛ ውኃ የመራቢያ ጊዜ መድረሱን ያበስራቸዋል፤ በገንዳ ውስጥም ከውኃው ሲሶውን ከ3 እስከ 5 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ውኃ መተካት በማግስቱ እንቁላል ሊያስገኝ ይችላል። ሴቷ አፏን በወንዱ ሆድ ላይ ታሳርፋለች፣ ሁለቱም ለጥቂት ሴኮንድ ቲ የተባለውን የላቲን ፊደል ቅርጽ ይዘው ይቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 የጃፓን ተመራማሪዎች በኮሪዶራስ ኤነስ ላይ ባወጡት ጥናት፣ በዚህ ጊዜ ሴቷ የወንዱን ዘር እንደምትጠጣና ዘሩ በአንጀቷ በፍጥነት አልፎ በሆዷ ክንፎች መካከል የያዘቻቸውን እንቁላሎች እንደሚያገኛቸው ገልጸዋል። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት የሚያጣብቁ እንቁላሎቿን ይዛ መስታወቱን ወይም ቅጠሉን በአፏ ካጸዳች በኋላ ትለጥፋቸዋለች፤ ይህንንም ለሰዓታት እየደጋገመች በአንድ ቀን በአሥሮች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ እንቁላሎች ትጥላለች።

ወላጆቹ እንቁላሉን ስለሚበሉ በጣት ቀስ ብሎ አንከባልሎ ማንሣትና ከዋናው ገንዳ ውኃ በተሞላ፣ አየር በሚገባበት ትንሽ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ነጭ ሆኖ ሻጋታ ያበቀለው እንቁላል ሌላውን እንዳያበላሽ ወዲያው ይወጣል። ጫጩቶቹ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይፈለፈላሉ፤ ለሁለት ቀን ያህል የያዙትን አስኳል ይመገቡና ከዚያ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ ማለትም በጨው ውኃ የሚራባ ደቃቅ ፍጥረት ይፈልጋሉ። ጫጩቶቹ ሆዳቸውን በወለሉ ላይ አሳርፈው ስለሚውሉ፣ ያልተበላ ምግብ የሚያበቅለው ስስ የባክቴሪያ ሽፋን ከሁሉ በላይ ይገድላቸዋል፤ ስለሆነም የዕቃው ወለል በየቀኑ በቀጭን ቱቦ ይጸዳል፣ ውኃውም በከፊል ይለወጣል። በሁለት ወር ገደማ 2 ሴንቲ ሜትር ሲደርሱ ወደ ወላጆቻቸው ገንዳ መግባት ይችላሉ፤ የገንዳው ስፋት ካልፈቀደም ስድስት ስድስት እየሆኑ ለሌላ አሳዳጊ ይሰጣሉ።